የጠርሙስ ቀበርቾ

ሻጋታ ምን እንደሚወድ እኔን ጠይቁኝ። ስኳር ይወዳል፣ ሙቀት ይወዳል፣ ከሁሉም በላይ ግን የሰው ልፋት ይወዳል። አንድ ወር ሙሉ የደከምኩበትን መደርደሪያ ሰኞ ጧት በር ስከፍት ነጭ ጥጥ ለብሶ አገኘዋለሁ። ጠርሙሶቹን እያነሳሁ ወደ መብራቱ አስጠግቼ አያለሁ። ንጹሕ የመሰለኝም ታቹ ላይ ደመና ቋጥሯል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የዕቃ ማጠብ ሥራ ነው፤ ለእሱ ደግሞ መማር አያስፈልግም ነበር።

የምሠራው ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ተክል በጠርሙስ በሚባዛበት ማዕከል ነው። ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው። ከአንድ ተክል ጫፍ የጥፍር ያህል ቁራጭ ይወሰዳል፣ በበረኪና ይታጠባል፣ ስኳርና ማዳበሪያ ገብቶበት እንደ ማርመላታ በረጋ ምግብ ላይ ይቀመጣል። ቁራጯ ከበቀለች ትቆረጣለች፤ ቁራጮቹም ሲበቅሉ ይቆረጣሉ። ሥራችን ማባዛት ይባላል። ማዕከሉ በዋናነት የሚያባዛው ድንችና ሙዝ ነው፤ ገበሬው የሚፈልገውም እሱን ነው። ጥግ ላይ ያለው አንድ መደርደሪያ ግን የእኔ ነበር፤ እዚያ ላይ ቀበርቾ አባዛለሁ።

ቀበርቾን የማያውቅ የወሎ ሰው አላጋጠመኝም፤ ተክሉን አይቶ የሚያውቅ ግን በጣም ጥቂት ነው። ሁሉም የሚያውቀው ሥሩን ነው። ገበያ ላይ እንደ ደረቀ እንጨት ተቆራርጦ የሚሸጠው፣ ሳል ለያዘው፣ ለራስ ምታት፣ ለአራስ ቤት የሚጨሰው፣ ሆዱን ለቆረጠው ሰው የሚታኘከው እሱ ነው። ተክሉ ራሱ እሾህ ነው፤ መንገድ ላይ ብታገኙት አህያ እንኳ አይመኘውም ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ጣጣው፣ ሥሩን መውሰድ ማለት ተክሉን መግደል መሆኑ ነው። ዘሩም አብዛኛው ባዶ ነው፤ ቢዘሩት እሺ ብሎ አይበቅልም። ሰው ሲቆፍር ኖረ፣ ተራራው ባዶውን ቀረ።

የእናቴ ወንድም ደሴ ዙሪያ ገበሬ ነው። በልጅነቴ ከቤቱ በላይ ያለው ተረተር ከቀበርቾው ብዛት የተነሳ ከብት አይገባበትም ነበር። እኔ ሥራውን ስጀምር የቀሩት፣ በቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ መቆፈሪያ ያልደረሰባቸው ጥቂት እግሮች ብቻ ነበሩ። ቁራጮቼን የወሰድኩት ከእነሱ ላይ ነው። አጎቴ ምላጬንና ወረንጦዬን አየት አድርጎ፣ «እሾህ ለማሳደግ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?» አለኝ። ቢሆንም ከተረተሩ አንዱን ጥግ በድንጋይ አጠረልኝ። «አምጪና ትከይው፤ ከብቱንም ቆፋሪውንም እኔ እከላከልልሻለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ባዶ እጄን በሄድኩ ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ያሾፍብኛል። ወተቷን አለማየቴን ለመንገር ተረቱን መጨረስ አያስፈልገውም።

የማዕከሉ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ደህና አድርጌ እጣላው ነበር። አንድ ቀን መደርደሪያዬ አጠገብ ቆሞ እንዲህ አለኝ። «እህቴ፣ ገበሬው ደጄ ላይ ተሰልፎ የድንች ዘር ይለኛል። ቀበርቾ ብሎ የመጣ አንድ ሰው አላየሁም። በዚህ ክረምት መሬት ላይ የቆመ ተክል ካላሳየሽኝ መደርደሪያውን ለድንች እሰጠዋለሁ።» ቀበርቾ የቸገረው ሰው ገበያ ነው የሚሄደው። ገበያ ሲያጣው ደግሞ ጠፋ ይላል እንጂ አባዙልኝ ብሎ አይመጣም።

ቀበርቾ ደግሞ ጠርሙስ አይወድም። ድንች የትም ቢቆርጡት ይበቅላል። ቀበርቾ ግን ምላጭ ሲነካው ይጠቁራል፤ ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ ምግቡን ጥቁር ሻይ አስመስሎት በራሱ መርዝ ራሱን ይገድላል። ስንት ጊዜ በረኪናውን አበዛሁ፣ ስንት ጊዜ ቀነስኩ። ሳበዛው ቁራጩ ይሞታል፣ ስቀንሰው ሻጋታው ይነግሣል። እጄና ጠረጴዛው ላይ ቀኑን ሙሉ አልኮል ስረጭ ስለምውል ማታ ደሴ እናቴ ቤት ስገባ ሽታው ይከተለኛል። እናቴ «ዛሬም ጠጥተሽ መጣሽ?» ትለኛለች። ቀልዷን ነው፤ ሳልታጠብ ሰላት መቆሜን ግን አትወድም።

ደግሞ መብራት አለ፤ ማለቴ የለም። መብራት ሲሄድ ክፍሉ በኮምቦልቻ ሙቀት ይታፈናል፤ አየር የሚያጣራው ማሽን ይቆምና እጄ ላይ ያለው ጠርሙስ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ጄኔሬተር አለን፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚሉት ነው። ለነዳጁ የጻፍነው ጥያቄ ጠፍቶ ጠፍቶ የተገኘው ባህል ክፍል ነው። «ቲሹ ካልቸር» የሚለውን የሥራችንን ስም ያነበበ አንድ ሰው፣ ካልቸር ባህል ነው ብሎ ወደዚያ መርቶታል። የባህል ክፍሉ ሰውዬ ደውሎ በትሕትና፣ ለባህል ሳምንቱ ምን ዝግጅት እንዳለን ጠየቀኝ። ስቄ ማለፍ ነበረብኝ። ጮኽኩበት።

ይህ ሁሉ አልፎ በዚያ ዓመት ሥር ያወጡ ቀበርቾዎች አገኘሁ። ብዙ አይደሉም፤ ሁለት ሳጥን የሚሞሉ ናቸው። ጠርሙስ ውስጥ ያደገ ተክል ግን እንደ ቅምጥል ልጅ ነው። ንፋስ አያውቅም፣ ጥማት አያውቅም፣ አውጥተው ሜዳ ላይ ቢያቆሙት ውሎ አያድርም። ሥሩ ላይ የተጣበቀውን ምግብ አጥቦ፣ አሸዋና ብስባሽ በገባበት አፈር ተክሎ፣ በላስቲክ ሸፍኖ፣ ላስቲኩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየገለጡ ማላመድ ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ላይ ሞክሬው ሙቀቱ ላስቲኩ ሥር ቀቅሏቸው ያውቃል። ቀበርቾ የደጋ ተክል ነው፤ የሚስማማው ደሴ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ያለኝ መሬት ሆጤ የሚገኘው የእናቴ ጓሮ ነው።

ሳጥኖቹን ይዤ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጣሁ። ረዳቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ካልጫንኩ አለ፤ አልሰጥም ብዬ ሁለቱንም ደራርቤ ጭኔ ላይ አቀፍኳቸው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው «ጫት ነው እንዴ?» አለ።

«ቀበርቾ ነው» አልኩት።

አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ቀበርቾ ቅጠል አለው? እኔስ እንጨት ይመስለኝ ነበር» አለ። መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ። ሾፌሩ ጠመዝማዛው ላይ በታጠፈ ቁጥር ሳጥኖቹን በክርኔ እየደገፍኩ ደሴ ገባሁ።

እናቴ ስታያቸው «ማሻአላህ» አለች፤ ወዲያው ከሰው ዓይን ይከለሉ ብላ ከኩሽናው ጀርባ አስቀመጠቻቸው። እኔ ጧት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ላስቲኩን የምትገልጠው፣ ፀሐዩ ሲጠነክር የምትሸፍነው፣ ውርጭ ሲያሰጋ ጆንያ የምትደርብበት እሷ ሆነች። ማታ ስገባ እንዴት ዋልሽ ሳትለኝ «ዛሬ አንዷ ቅጠል ጨመረች» ትለኛለች። ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባት መሰለኝ።

«ከአንዷ ስንት ታወጫለሽ?» ትለኛለች።

«ከቀናኝ ብዙ አወጣለሁ። ቆርጬ ቆርጬ አበዛታለሁ።»

«በረካ ነው፣ ልጄ» ትላለች። ደስ ይለኝ ነበር። በረካ ያለችው እኔ ማባዛት ካልኩት ጋር አንድ እንዳልሆነ ያኔ አልገባኝም።

በእኛ ሰፈር ጓሮ ውስጥ ያለ ነገር የባለቤቱ ነው፤ ጎመኑም፣ ቃሪያውም፣ ዶሮውም። መድኃኒት ግን የብቻ አይደለም። ጤና አዳም የተከለ ሰው ለሰፈሩ ነው የተከለው። ሰው አጥር ላይ ቆሞ ልጄን አመመብኝ ካለ የለኝም አይባልም፤ መድኃኒት መከልከል አላህ ዘንድ ወንጀል ነው። እናቴ በዚህ ደንብ ኖራ ነው ያረጀችው። ዳማከሴዋ ቅጠሉ አልቆ እንጨቱ ብቻ ሲቀር አይቻለሁ። እሷ ግን «የሰጠ አይጎድልበትም» ብላ ውሃ ታጠጣዋለች፤ እሱም እውነት ያቆጠቁጣል። ዳማከሴ ያቆጠቁጣል። ቀበርቾ ግን ሥሩ ከወጣ ወጣ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አጎቴ ጉድጓዶቹን ቆፍሮ ይጠብቀኝ ጀመር። በዚያው ሰሞን ጄኔሬተሩ ተበላሸና፣ የቀሩትን ጠርሙሶች ለማትረፍ ስል ኮምቦልቻ ባልደረባዬ ቤት እያደርኩ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ስመለስ አንዱ ሳጥን ባዶ ነው። ሁለተኛው ውስጥ ጥግ ላይ የደከሙ ጥቂቶች ቆመዋል። አፈሩ በደንብ ተደልድሏል። እናቴ ናት፤ ነቅላ እንኳ ቦታውን ሳታስተካክል አትተወውም።

«እማ፣ ተክሎቹስ?»

«አብሽሪ፣ ለሰው ደረሱ» አለች፣ ፊቷ እየበራ።

የጎረቤታችን ልጅ ወልዳ ነበር። እናትየዋ ለአራስ ቤት የሚያጨሱት ቀበርቾ ገበያውን ዞረው ቢያጡ እኛ ቤት መጡ። እናቴ ነቅላ ሰጠቻቸው። እሳቸው ልጇ ለሚያስላት ሴት ነገሩ፤ ለእሷም ሰጠች። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

«ለመትከል እኮ ነው ያመጣኋቸው» አልኳት።

«ታበዢዋለሻ። ሥራሽ ማባዛት አይደል?»

«ሥሩን ነቅለሽ ከምን ላባዛው?»

«ታዲያ የቀበርቾ መድኃኒቱ ምኑ ሆነና? ቅጠሉን ልስጣቸው?» ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። ከዚያ ለስለስ ብላ፣ «አራስ ቤት ነው፣ ልጄ። ጓሮዬ እያለ የለም ብዬ ብመልሳቸው ለአላህ ምን እላለሁ?» አለች።

በጣም ተናደድኩ። በእናቴ ላይ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ይበልጥ ያበሸቀኝ ደግሞ ጥፋቷን ፈልጌ ማጣቴ ነው። ማዕከላችን እንግዳ ሲመጣ መደርደሪያዬ ፊት ቆሜ፣ ይህን የምናባዛው ለኅብረተሰቡ ጥቅም ነው ብዬ አስረዳለሁ። ኅብረተሰቡ መጥቶ ወሰደዋ። እራቴን ሳልበላ ተኛሁ፤ እናቴ ሁለት ጊዜ መጥታ ብርድ ልብሱን አስተካከለችልኝ፤ ነቅቼ ነበር።

በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጎረቤታችን ሊያመሰግኑ መጡ። ከብዙ ምርቃት በኋላ ትንሽ አመነቱና፣ «አትቀየሚኝና፣ ያ ነገር ግን ቀበርቾ ነው?» አሉኝ። ፍም ላይ ቢያደርጉት አልሸተተም፤ እንደ ሣር እፍ ብሎ አለቀ። ልክ ናቸው። ያን የምናውቀውን ሽታ የሚሰጠው ዓመታት አፈር ውስጥ የቆየ ወፍራም ሥር ነው፤ የእኔዎቹ ሥራቸው ከክር አይወፍርም ነበር። ስለዚህ ለመትከልም ለማጨስም ሳይሆኑ ጠፉ ማለት ነው። «አላህ በሰበብ ነው የሚያሽረው፤ የእሱ ነገር በማሽተት አይለካም» አለች እናቴ። ለእሷ ነገሩ በዚህ አለቀ።

ኃላፊው ዘንድ ገብቼ እውነቱን ነገርኩት። እናቴ ለጎረቤት አደለቻቸው ስለው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀልድ አለመሆኑን ሲያውቅ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። «የእኔም እናት ብትሆን ይህንኑ ነበር የምታደርገው» አለ። ከዚያ እንባውን ጠረገና መደርደሪያውን ለድንች ሰጠው። መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትለውን የታችኛዋን ረድፍ ብቻ እስከሚቀጥለው ክረምት ተወልኝ። «ከዚህ በላይ ግን አልችልም፣ እህቴ» አለኝ። ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት ደካሞችም ደረቁ፤ የአጎቴ ጉድጓዶች ያን ክረምት ውሃ ሲያቁሩ ከረሙ።

በበጋው አጎቴ ደወለ። ለቅሶ ሊደርስ ወጣ ባለበት ቀን ቆፋሪዎች ተረተሩ ላይ ገብተው ነበር። በቋጥኙ ስንጥቅ ውስጥ የቀሩትን አሮጌ እግሮች በዲጂኖ ፈንቅለው፣ አንድ ሳያስተርፉ ወስደዋቸዋል። «እጠብቅልሻለሁ ብዬሽ ነበር» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያሾፍብኝ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ተረተር ቀበርቾ የቀረው እኔ ጠርሙስ ውስጥ ብቻ ነው። ሻጋታው ደግሞ ይህን ያወቀ ይመስል በዚያ ወቅት ሁለት ጊዜ ገባብኝ። አንደኛውን ጊዜ ጠርሙሶቹን ሳጥብ አለቀስኩ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ማልቀስም ሰለቸኝ።

ሥር አውጥተው የተረፉት አንዷን ሳጥን እንኳ አልሞሉም። በቀጥታ ወደ አጎቴ ልወስዳቸው አስቤ ነበር፤ ግን ሳይለምዱ አይሆንም፣ እሱ ዘንድ ደግሞ ላስቲክ ሲገልጥና ሲሸፍን የሚውል ሰው የለም። ዞሮ ዞሮ የእናቴ ጓሮ ነው። በዚህኛው ጊዜ ዙሪያቸውን በአሮጌ ቆርቆሮ አጠርኩ። ምስማሩን ስመታ እናቴ ቆማ ታየኛለች።

«ከጅብ ነው ከጎረቤት?» አለችኝ።

«እማ፣ እባክሽ እነዚህን አታስነኪብኝ። ከእነዚህ ሌላ የለም።»

«እሺ» አለች። ቃሏንም ጠበቀች፤ እንደ በፊቱ ላስቲኩን ትገልጣለች፣ ትሸፍናለች። ሰው መድኃኒት ሊጠይቅ ሲመጣ ግን ወደ ጓዳ ትገባለች፤ የለም የሚለው ቃል ከእሷ አፍ እንዳይወጣ ነው። የለም ባይዋ እኔ ሆንኩ። አበባ ነው እያልኩ ልሸፋፍን ሞክሬ ነበር። እሾህ ለአበባ የሚተክል ሰው ስለሌለ ማንም አላመነኝም።

ልተክላቸው አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ከሰዓት በኋላ የዐስር ሰላት እንዳለቀ አንድ ሽማግሌ መጡ። ከእኛ በላይ ባለው ቤት የሚኖሩ፣ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የማውቃቸው ጎረቤታችን ናቸው።

«ይግቡ፣ አባባ» አልኳቸው።

አልገቡም። በሩ ላይ እንደቆሙ ባለቤታቸው ሆዷን ይዟት እንደሰነበተ ነገሩኝ። ሆስፒታል ወስደዋት መድኃኒት ሰጥተዋታል፣ እየዋጠች ነው። «ግን ቀበርቾ ባኝክ ይለቀኝ ነበር ትለኛለች። ገበያው ላይ የለም። እናንተ ዘንድ አለ ቢሉኝ ነው የመጣሁት።»

«ገና ነው፣ አባባ። ሥሩ አልደረሰም፤ ቢያኝኩትም አይጠቅማቸውም።» እውነቴን ነበር።

«ትንሽም ብትሆን። ጣዕሙን ብታገኘው እንኳ ልቧ ያርፋል።»

«ጣዕምም የለው።»

«አንድ እግር ብቻ፣ ልጄ» አሉ።

አንድ እግር መስጠት እችል ነበር። ያን ጊዜም አውቀዋለሁ፣ አሁንም አውቀዋለሁ። ግን ሰፈሩን አውቀዋለሁ፤ ለእሳቸው ሰጥቼ ማታ ለሚመጣው ምን እላለሁ? ሰው ሲመልሱ የሚባለው «አላህ ይስጥዎት» አፌ ላይ መጣ፤ ለለማኝ የሚባል ነውና ዋጥኩት።

«የለም፣ አባባ» አልኩ። በቆርቆሮው ክፍተት አረንጓዴው ይታያል።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ክፍተቱን አዩት፣ እኔንም አዩኝ። «እሺ ልጄ፣ አላህ ያብዛልሽ» አሉና በትራቸውን አስቀድመው ዞሩ።

ምርቃት ሲመረቅ አሚን ይባላል፤ ዝም አይባልም። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በእኔ ፈንታ «አሚን» አለችልኝ። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ እሳቸውን እስከ ቤታቸው ልትሸኝ ወጣች፤ ባዶ እጇን።

በማግስቱ ጧት አጎቴ ዘንድ ከመውሰዴ በፊት ተክሎቹን ቆጠርኳቸው። አንድም አልጎደለም።